ነጻ ትኬት በ85 ዶላር የገዛሁት እኔ ነኝ

ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ የሚታየውን የሼክስፒር ቴአትር ለማየት ትኬት እየፈለጋችሁ ከሆነ፣ ይቺን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳትልኩ። ትኬቱ ነጻ ነው። ቅናሽ አለው ማለቴ አይደለም። ዜሮ ዶላር ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት 340 ዶላር ከከፈልኩ በኋላ፣ ሁለት ልጆቼን ይዤ የትኬት መስኮቱ ፊት ቆሜ ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እህቴ ደግሞ ብሮንክስ ናት። በየሰመሩ ልጆቹን ይዤ እሷ ዘንድ አንድ ሳምንት እንሰነብታለን። በ2025 (በፈረንጆቹ) ትልቋ ልጄ ገና ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ጀምሮ "ሉፒታን ካላየሁ" ብላ ያዘችኝ። የፊልም ተዋናይዋ ሉፒታ ኒዮንጎ ያን ሰመር ከወንድሟ ከጁኒየር ጋር "አሥራ ሁለተኛው ሌሊት" የሚለውን የሼክስፒር ኮሜዲ ትሠራ ነበር። ታሪኩ መርከባቸው ተሰብሮ ስለተጠፋፉ መንትዮች ነው። እህትና ወንድሙን የተጫወቱት የእውነት እህትና ወንድም ናቸው። ያውም የጎረቤት ልጆች፣ ኬንያውያን። የ12 ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ትፈልጋለች?

እውነቱን ለመናገር እኔም ጓጉቼ ነበር። ሼክስፒር የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከእናቴ ነው። ወጣት ሳለች ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን ኦቴሎ አይታለች። ኦቴሎን የሚያታልለውን ኢያጎን እስከ ዛሬ አልማረችውም። የጎረቤት ነገረኛም ይሁን አታላይ ነጋዴ፣ ለእሷ ሁሉም "ኢያጎ" ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ማስታወቂያውን ያየሁት አንድ የሀበሾች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። "የቤተሰብ የሰመር መዝናኛ! ሼክስፒር በሴንትራል ፓርክ! 4 ሰው ለሚሆን ቤተሰብ ልዩ ዋጋ!" ይላል። የሉፒታ ፎቶ አለበት። አንዱ ትኬት 85 ዶላር ነው። ብሮድዌይ፣ የኒውዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ያሉበት ሰፈር፣ የአንድ ወንበር ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው 85 ዶላር ሲያይ "ርካሽ ነው" ይላል። እኔም እንዲያ አልኩ። ነገሩን የማያውቅን ሰው የሚጥለው ይህ ነው። በጣም ርካሽ ቢሆን እጠረጥር ነበር። በጣም ውድ ቢሆንም እተወው ነበር።

ደወልኩለት። አማርኛው የሚያምር፣ ትሁት ልጅ ነው። "እህቴ" ሲለኝ አንጀቴን በላው። ትኬቱን ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው "የቴአትር ቤቱ አባል ነኝ፣ ዕጣ ደርሶኝ ነው" አለኝ። ዕጣ የደረሰው ሰው ለምን ይሸጣል ብዬ ልጠይቅ ነበር። አፈርኩ። የሀገሬን ልጅ እንደ ሌባ መመርመር ሆነብኝ። እሱም ገብቶት ነው መሰለኝ፣ "አትጠራጠሪ እህቴ፣ የሀገር ልጅ አይደለን እንዴ" አለኝ። እዚያችው ላይ አለቀልኝ። በዜል፣ ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ብር በሚላክበት፣ 340 ዶላር ላክሁ። እሱም ስክሪንሾት ላከልኝ። እንኳን ደስ አለዎት የሚል ኢሜይል ነው፣ ስም አለው፣ ባርኮድ የሚመስል ነገር አለው። "መስኮቱ ላይ ይህን አሳይተሽ ትወስጃለሽ" አለኝ።

ቀኑ ደረሰ። ሳምቡሳ ጠበስን፣ ጋቢ ያዝን፣ በ81ኛው መንገድ በኩል ወደ ፓርኩ ገባን። ቦታው ራሱ ደስ ይላል። ቴአትር ቤቱ ዴላኮርት ይባላል፣ ጣሪያ የለውም። ከኋላው የኤሊዎች ኩሬ አለ፣ ከኩሬው በላይ ቤልቬዴር የሚባለው ትንሽ ቤተ መንግሥት አለ። በር ላይ የሮሚዮና ጁልየት ሐውልት አለ። ትንሹ ልጄ ሐውልቱን አይቶ "እነዚህ ምን ሆነው ነው የተቃቀፉት?" እያለ ሲያስቀን መስኮቱ ጋ ደረስኩ።

ሴትዮዋ ስልኬን አየች። መታወቂያ ጠየቀችኝ። መታወቂያዬ ላይ ያለው ስምና ስክሪንሾቱ ላይ ያለው ስም አይገናኙም። ቀኑም ያለፈው ሳምንት ነው። በጣም በቀስታ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ይመስለኛል፣ "ከፍለሽ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኩ። "እኛ ይህን ትኬት ሸጠን አናውቅም" አለችኝ። የቆምኩበት መሬት ቢውጠኝ በወደድኩ።

ደወልኩለት። አንዴ አነሳ። "ሲስተሙ ነው እህቴ፣ አስር ደቂቃ ስጪኝ" አለ። ከአስር ደቂቃ በኋላ ብሎክ አድርጎኛል። ማታ ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት ምን እንዳለች ገምቱ። "ኢያጎ!" ደግሞም እውነቷን ነው። ኦቴሎ እኮ ኢያጎን "ታማኙ" እያለ ነበር የሚጠራው።

የዚያን ዕለት ማታ ተጠባባቂ ወረፋ ላይ ቆመን አልደረሰንም። ከኩሬው ወዲህ ሣር ላይ ተቀምጠን ሳምቡሳችንን በላን። ሳቅና ጭብጨባው በዛፎቹ መሀል ይመጣል። ልጄ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ይህን ነገር የጀመረው ጆሴፍ ፓፕ የሚባል ሰው ነው፣ በ1954 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሐሳቡ ሼክስፒርን ድሃውም ሀብታሙም ያለ ክፍያ ይየው የሚል ነው። በ1959 የከተማዋን ፓርኮች ያስተዳድሩ የነበሩት ሮበርት ሞዝስ፣ የሕዝቡ ብዛት ሣሩን እያጠፋው ነውና ተመልካቹን ክፍያ አስከፍል አሉት። ፓፕ እምቢ አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በይግባኝ ፓፕ ረታ። ዛሬ ያለው ዴላኮርት ቴአትር የተከፈተው በ1962 ነው። 1,800 ያህል ወንበር አለው። ከ2023 ሰመር በኋላ ለእድሳት ተዘግቶ፣ 85 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ በ2025 ኦገስት ላይ ተከፈተ። ይህ ሁሉ ወጥቶበት እንኳ ትኬቱ ነጻ ነው። ፓፕ አንድ ዶላር አላስከፍልም ብሎ ፍርድ ቤት የቆመበትን ነገር እኔ 340 ዶላር ከፈልኩበት። ስታስቡት ያስቃል። እኔን ግን ገና አላሳቀኝም።

ሌባውም አዲስ አይደለም። በ2010 አል ፓቺኖ እዚያው መድረክ ላይ ሻይሎክን ሲጫወት ነጻውን ትኬት ኢንተርኔት ላይ የሚቸበችቡ ሰዎች በዝተው፣ የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አንድሪው ኩሞ አቁሙ ብለው ጽፈውባቸዋል። ሻይሎክ ማለት እኮ በብድሩ ፋንታ የሰው ሥጋ ካልቆረጥኩ ያለው አበዳሪ ነው። በ2022 ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ተሻሽሎ፣ ለሕዝብ በነጻ የተሰጠ ትኬትን መልሶ መሸጥ ተከለከለ። ስለዚህ ሻጩ እውነተኛ ትኬት ቢኖረው እንኳ የሚሠራው ሕገ ወጥ ሥራ ነው። "ትርፍ ሆኖብኝ ነው፣ የገዛሁበትን ብቻ መልሱልኝ" የሚላችሁ ካለ የገዛበት ዋጋ ዜሮ እንደሆነ ንገሩት።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ለቴአትር ቤቱ መዋጮ የሚሰጡ ደጋፊዎች የተያዘ ወንበር ያገኛሉ። ይህ እውነት ነው። እኔንም "አባል ነኝ" ሲለኝ ያሳመነኝ እሱ ነው። ግን መዋጮው የሚሰጠው በቀጥታ ለቴአትር ቤቱ ነው። ዜል ላይ ለማታውቁት ሰው አይደለም። ገንዘቤን ለማስመለስ ባንኬ ጋ ስደውል "ራስሽ ፈቅደሽ የላክሽው ነው" አሉኝ። በዜል የተላከ ብር ከእጅ ወደ እጅ እንደተሰጠ ጥሬ ብር ነው። በክሬዲት ካርድ ብከፍል ኖሮ ቢያንስ መከራከር እችል ነበር። አሁን ለዐቃቤ ሕጉ ቢሮ አቤቱታ ልኬ እየጠበቅኩ ነው።

ወረፋ እንይዝላችኋለን የሚሉም አሉ። "አንተ ተኛ፣ እኔ ልቁምልህ፣ 100 ዶላር" ዓይነት ነገር። እሱንም ተዉት። ወረፋው ላይ ለሌላ ሰው ቦታ መያዝ አይፈቀድም። ሠራተኞቹም ያያሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ከጀርባችሁ ያለው ሕዝብ ዝም አይላችሁም። የኒውዮርክ ሰው ወረፋ ላይ ቀልድ አያውቅም።

ታዲያ እንዴት ይገኛል? ጊዜ በመክፈል። እኔና እህቴ ከሁለት ቀን በኋላ ልጆቹን ከነእንቅልፋቸው አስነስተን ሄድን። ፓርኩ የሚከፈተው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፣ በፈረንጆቹ 6 ማለት ነው። እኛ ቀደም ብለን ብንደርስም ሰው ከአጥሩ ውጭ ተሰልፏል። ፍራሽ ያመጣ አለ። ፓርኩ ሲከፈት ሰልፉ እንደተሰለፈ ወደ ውስጥ ይገባል። ትኬቱ የሚታደለው በቀትር ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ይሰጣል። ሁለት አዋቂ ስንሆን አራት ማለት ነው።

ስድስት ሰዓት መጠበቅ ከልጅ ጋር ይከብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። እንዲያውም የሳምንቱ ምርጥ ጊዜ እሱ ሆነ። ጋቢ አነጠፍን። ቡና በፔርሙስ ይዘን ነበር። ፊታችን ያሉት አሮጊት ከ30 ዓመት በላይ በየሰመሩ እየመጡ እንደተሰለፉ ነገሩን። ለልጄ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወሩላት። እሷም በምላሹ ሳምቡሳ አበላቻቸው። ትንሹ ልጅ እንቅልፉን ጨረሰ። ለመሄድ ካሰባችሁ ውሃና ኮፍያ አትርሱ። ሽንት ቤት ስትሄዱ ሁሉም አንዴ አይሂድ።

ወረፋው ለማይመቻችሁ ሌሎች መንገዶች አሉ። በስልክ የሚሞላ ዕጣ አለ። በተለያዩ የከተማዋ ክፍሎች የሚታደልበትም ቀን አለ፣ ብሮንክስን ጨምሮ። ዕጣ ከደረሳችሁ ትኬቱን የምትወስዱት በራሳችሁ መታወቂያ ነው። ሰውየው የላከልኝ ስክሪንሾት እውነተኛ ቢሆን እንኳ ለእኔ የማይሠራው ለዚህ ነበር።

ዴላኮርትን የግድ ካላላችሁ ደግሞ ጭራሽ ትኬት የማያስፈልግበት አለ። ኒውዮርክ ክላሲካል ቴአትር የሚባለው ቡድን ፓርክ ውስጥ እየተዘዋወረ ይሠራል። አንዱ ትዕይንት ዛፍ ሥር ይሆናል፣ ሌላው ኮረብታ ላይ። ተመልካቹ ተዋናዮቹን እየተከተለ ይሮጣል። መቀመጥ ለማይወዱ ልጆች የተሠራ ነው የሚመስለው። ማንሃታን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ላይ ሼክስፒርን በነጻ የሚያሳይ ቡድንም አለ። እንደኔ ሜሪላንድ ለምትኖሩ፣ ኤሊኮት ሲቲ የፈረሰ የድሮ የሴቶች ትምህርት ቤት ፍርስራሽ ውስጥ ቼዝፒክ ሼክስፒር ኩባንያ ለዓመታት ሲያሳይ ኖሯል። እሱ ይከፈልበታል፣ የሚገዛው ግን ከራሱ ከኩባንያው ነው።

ያቺ ማታ እንዴት ነበረች ለምትሉኝ፣ ከፍ ያለ ወንበር ነው የደረሰን። ጨለማው ሲወርድ ከኋላ ያለው ቤተ መንግሥት በራ። እህትና ወንድሙ በመሀል በስዋሂሊ ሲነጋገሩ ልጄ ክንዴን ጨመቀችኝ። አንድ ቃል አልገባትም፣ ግን የጎረቤት ቋንቋ መሆኑ ገብቷታል። ሲያልቅ "እማዬ፣ ይህ ሁሉ በነጻ ነው?" አለችኝ። ለእኔ 340 ዶላር ነው አልኳት።

የሉፒታ ቴአትር በሴፕቴምበር 14፣ 2025 አበቃ። ይህን የጻፍኩት ግን ሌባው ስላላቆመ ነው። ቴአትሩ ሳያበቃ አንድ ማታ እህቴ በሌላ ግሩፕ ላይ ያገኘችውን ማስታወቂያ ላከችልኝ። ያው ፎቶ ነው። "የቤተሰብ የሰመር መዝናኛ" ይላል። አንዱ 95 ዶላር ገብቶ ነበር።