የአባትን ቮልስ ማደስ ወይስ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት?

ግቢው ውስጥ የቆመች ቮልስ ያለችው ሰው አንድ ቀን ይሄ ጥያቄ ይመጣበታል። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ በኋላ፣ አዲስ ማለት በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ማለት ሆኗል።

ወጪ
ቮልስ፦ ቀስ በቀስ ነው የምትበላው። ዛሬ ሞተር፣ ከወራት በኋላ ላሜራ፣ ከዚያ ቀለም።
ኤሌክትሪክ፦ ሚሊዮኖችን በአንዴ ይጠይቃል። በኋላ ግን የሞተር ዘይት የለ፣ የነዳጅ ሰልፍ የለ።

ጥገና
ቮልስ፦ እዚህ ላይ ልቤ ወደሷ ያደላል። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ራዲያተር ስለሌላት ውሃ አለቀ ብሎ ነገር አታውቅም፤ ጥሩ ጆሮ ያለው መካኒክ ደግሞ ድምጿን ሰምቶ ብቻ ምን እንደነካት ይነግራችኋል። ችግሩ ዕቃ ነው። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ የተመረተችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው።
ኤሌክትሪክ፦ ኮምፒውተር የሚያነብ ባለሙያ ይፈልጋል።

ስጋት
ቮልስ፦ ዝገት! ቀለም ከማስቀባታችሁ በፊት የኋላ መቀመጫውን አንሱና ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል እዩ፤ አሲድ እየፈሰሰ የሚበሳው እሱን ነው። ኤርባግም የላትም፣ ልጆች የምታመላልሱ ይሄን በደንብ አስቡበት።
ኤሌክትሪክ፦ ባትሪው ከተበላሸ ወጪው ከባድ ነው።

በየቀኑ ከተማ ውስጥ ብዙ የሚነዳና ቤቱ ቻርጅ ማድረግ የሚችል ሰው ኤሌክትሪኩን ይግዛ። ወለሏ ጤነኛ የሆነች ቮልስ ያለችው፣ የሚያምነው መካኒክ ያለውና የማይቸኩል ግን እባካችሁ ለቁራሌው አይስጣት።