የልጄን የዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ላከናወኑልን መምህርት ምስጋናና ጥቆማ

በሰሜን ቨርጂኒያ ልጆቻችሁን በቤታችሁ ለምታስተምሩ ወላጆች፣ በዚህ ክረምት የዘጠኝ ዓመት ልጄን የዓመት ሥራ የገመገሙልኝን መምህርት በአደባባይ ላመሰግናቸውና ልጠቁማችሁ እወዳለሁ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ አልጠቅሰውም፤ የሚፈልጋቸው ወላጅ በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ።

የቨርጂኒያ ሕግ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ልጁን በቤት እንደሚያስተምር ያሳወቀ ወላጅ፣ በሚቀጥለው ዓመት እስከ ኦገስት 1 ድረስ የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ ለአካባቢው የትምህርት ቤቶች ሱፐርኢንቴንደንት (የበላይ ኃላፊ) እንዲያቀርብ ያዛል። ማስረጃው በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀ ፈተና ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ልጁ የፈተናው ውጤት ከሚመደብባቸው ዘጠኝ እርከኖች ከታች ሲቆጠር ቢያንስ አራተኛው ላይ መድረስ አለበት። አለዚያ ደግሞ የማስተማር ፈቃድ ያለው መምህር፣ ወይም በአንድ የትምህርት ዘርፍ ማስተርስና ከዚያ በላይ ያለው ሰው፣ የልጁን ሥራ አይቶ የሚጽፈው የግምገማ ደብዳቤ ይበቃል። ልጄ ሰዓት ሲያዝበት የሚያውቀው ሁሉ ስለሚጠፋው ደብዳቤውን መረጥን።

ሜሪላንድ የምትኖር ዘመዴ ሥዕልን፣ ሙዚቃን፣ ጤናንና ስፖርትን ጨምሮ የስምንት ትምህርቶች ማስረጃ ካልተሟላ እንደማይሆን ነግራኝ ስለነበር፣ የዓመቱን ደብተር ሁሉ በሁለት ካርቶን ጭኜ ሄድኩ። መምህርቷ ካርቶኖቹን አይተው ከሳቁ በኋላ፣ ዘመዴ የነገረችኝ የሜሪላንድ ሕግ መሆኑን፣ በእኛ ዘንድ ለካውንቲው የሚሄደው ደብዳቤው ብቻ እንደሆነና የልጁን ሥራ ማየት የገምጋሚው ድርሻ እንደሆነ አስረዱኝ። ለእርሳቸው ከየትምህርቱ ሦስት ሥራ ይበቃቸዋል፤ አንድ ከመጀመሪያው፣ አንድ ከመካከሉ፣ አንድ ከመጨረሻው። ጥፋቴ ግን አብዛኛው ወረቀት ላይ ቀን አለመጻፌ ነበር፤ የትኛው የሴፕቴምበር፣ የትኛው የሜይ እንደሆነ ለመለየት አብረን አንድ ሰዓት ያህል ፈጀን።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ልጁን የያዙበት መንገድ ነው። አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረጉትና፣ ከሦስት አራተኛና ከአምስት ስምንተኛ የትኛው እንደሚበልጥ ጠየቁት። መጀመሪያ ተሳሳተ፤ እርሳቸው ግን ዝም ብለው ወረቀት ሰጡት፤ ሥዕል ሠርቶ ራሱ አረመው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ መልሱን ወዲያው ቢያገኘው ኖሮ ይህን ያህል አያውቁትም ነበር። የአማርኛ ደብተሩንም ገልጠው ፊደሉን አስነበቡት፤ ይህን ከሌላ ገምጋሚ አገኛለሁ ብዬ አልገምትም።

ልጁን ወደ ጓሮ ከላኩት በኋላ ግን ሳያለሳልሱ፣ «ልጄ፣ ይህ ልጅ ያስባል፤ የሚጽፈው ግን ያሰበውን ግማሽ እንኳ አይሆንም» አሉኝ። እኔም በልቤ የማውቀውና ችላ ያልኩት ነገር ስለነበር ደነገጥኩ። በየቀኑ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ስለ ራሱ ቀን፣ ፊደል ግድፈቱን ሳላርም እንዲጽፍ መከሩኝ። ደብዳቤው በሁለት ቀን ደረሰኝ፤ ልጁ በቂ መሻሻል ማሳየቱን በግልጽ ይመሰክራል፤ ቅጂውን ለራሴ አስቀርቼ ዋናውን አስገባሁ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ስልክ ደውላ «ታዲያ ስንተኛ ወጣ?» ስትለኝ ምን ብዬ እንደምመልስላት ግን እስካሁን አላወቅኩም።

ክፍያቸውን አስቀድመው ይናገራሉ፤ ከተናገሩት በላይም አልጠየቁኝም። ጁላይ ላይ ቀጠሯቸው ስለሚሞላ በሜይ ብትደውሉላቸው ይሻላል። ልጁም አብሮ መምጣት አለበት፤ ደብተር ብቻ አይተው ደብዳቤ አይጽፉም።