ባለ 50 ሊትሩ ቦይለር፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካለፈበት በኋላ

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ቦይለሩን አልሸጠውም። ከካርቶኑ ውስጥ አብራው የወጣችውን ሴፍቲ ቫልቭ ግን ማንም ሰው ቤቱ ባያስገባት ደስ ይለኛል።

ዕቃው በቁም የሚሰቀል፣ 1500 ዋት የሚስብ፣ ውስጡ ኢናሜል የተቀባ የብረት ታንከር ነው። ቦታው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። ውሃ በፈረቃ፣ መብራትም እንደ ቀኑ። በመሐሉ አንድ ጊዜ ተበላሽቶብኛል፤ የተቃጠለው ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ ነው፤ ያውም በኅዳር፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበትና የጠዋት ውሃ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰሞን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይገባል፣ ሙቁ ከላይ በኩል ተገፍቶ ይወጣል። በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የምትታሰረው ቫልቭ ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው ግፊቱ 8 ባር ገደማ ሲደርስ ውሃ ማስተንፈስ፣ ሁለተኛው የገባው ውሃ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ መያዝ። ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራላት አንዲት የፕላስቲክ ክዳንና ስስ ጎማ ናት። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጭቃና የቧንቧ ዝገት መሆኑን የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። ከጎማው ሥር አንዲት የአሸዋ ፍሬ ከገባች ክዳኑ አይገጥምም።

ከዚያ ውሃው ይጠፋል። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ውሃው መጥቶ እንደሆነ ለማየት የሙቁን ቧንቧ ይከፍትና ረስቶት ይሄዳል። በዚያ በኩል አየር ገባ ማለት ነው። ታችኛው ፎቅ ያለው ጎረቤት የራሱን ሲከፍት የኛ ቦይለር በቀዝቃዛው መስመር ወደ እሱ ቤት ይወርዳል። ጎረቤት «ዛሬ ቀዝቃዛው ለብ ብሏል» ካላችሁ ነገሩን በቀልድ አትለፉት፤ ውሃው የእናንተ ነው። ታንከሩ ጎደለ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም፤ ሬዚስታንሱ አየር ውስጥ ይግላል። ሙቀቱ ሲበቃ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው የቴርሞስታቱ ጫፍ የሚያነበው በራሱ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ውሃ በሌለበት ሙቀቱ ዘግይቶ ስለሚደርሰው እሱ እስኪቆርጥ ድረስ የሬዚስታንሱ ቆዳ ተሰንጥቋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነው። ቫልቭዋ ስትንጠባጠብ «ተበላሽታለች» ይባላል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 0.8 ሊትር ያህል ይጨምራል። ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ከተዘጋ ያ ትርፍ የሚወጣው በቫልቭዋ አፍ ነው። ስለዚህ ቦይለሩ በሚያሞቅበት ሰዓት የምትንጠባጠብ ቫልቭ ጤነኛ ናት። ጨርሶ የማትንጠባጠብ ከሆነች ትርፉ ወደ መስመሩ እየሸሸ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የቀዝቃዛውን ቧንቧ በእጅ ዳስሱት፣ ከቫልቭዋ በፊት ያለው ክፍል ከሞቀ ክዳኑ አይዘጋም። ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ውሃው በርዶ እያለም የምታፈስ ከሆነ ግን ወይ ቆሽሻለች ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል።

«የማይንጠባጠብ አለኝ» የምትል ባለ ሱቅ ወንድሜ፣ የምትሸጥልኝ ምን እንደሆነ ገባህ? ይባስ ብሎ ደግሞ አፏን በታፓ የሚደፍን ቧንቧ ሠራተኛ አለ። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ተጣብቆ ቢቀር ያ ታንከር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቦምብ ነው። አፏ ላይ ቀጭን ጎማ አስገቡና ወደ ፍሳሽ አውርዱት፤ ጫፉ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከቀዝቃዛው መስመር ጀምሮ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መዝጊያ ቫልቭ፣ ወንፊት ያለው ፊልተር፣ ባለ ስፕሪንግ የነሐስ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ)፣ ከዚያ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ከዚያ ቦይለሩ። ሁሉም ባለ ግማሽ ኢንች ነው። በቼክ ቫልቩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቦይለሩ ያመልክት። በሴፍቲ ቫልቭና በቦይለሩ መካከል ምንም ዓይነት መዝጊያ አይግባ፤ ይህን «ለጥገና ይመቻል» ብሎ የሚያስገባ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሥራውን አስቁሙት። የፊልተሩ ወንፊት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቶሎ ቶሎ ይታጠባል።

ውሃ ሲጠፋ ብሬከሩን አውርዱ። ሲመለስ ቀዝቃዛውን ብቻ ከፍታችሁ እስኪጠራ አፍስሱ፣ ቀጥሎ የሙቁን ክፈቱ፣ አየር መትፋቱን ትቶ በአንድ ወጥ መፍሰስ ሲጀምር ብሬከሩን መልሱት። ሬዚስታንሱ ተቃጥሎ እንደሆነ ለማወቅ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ ገመዶቹን ነቅላችሁ በሙልቲሜትር ለኩ። 1500 ዋት በ220 ቮልት 32 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተቆርጧል። ከአንዱ እግር ወደ ታንከሩ አካል ንባብ ከሰጠ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እየገባ ነውና፣ በተለይ የመሬት ሽቦ የሌለው ቤት ውስጥ፣ ማንም ሻወር እንዳይገባ። ከመለወጣችሁ በፊት ግን ሽፋኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀይ ቁልፍ ተጫኑ፤ አንዳንዴ የቆረጠው መከላከያው ብቻ ነው።

ዋስትናውማ አለ፤ «ያለ ውሃ የተቃጠለ አይሸፈንም» የሚለው መስመርም አብሮት አለ። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ይህ ምን ዓይነት ዋስትና እንደሆነ ሻጩ ያስረዳኝ።

እንግዲህ «ለዚህ ነው ኢንስታንት ግዛ ያልኩህ» የሚለኝም እሱው ነው። ውሃን ሳያጠራቅም ሲያልፍ የሚያሞቀውን ዕቃ ማለቱ ነው። አልገዛም። ባለ 5500 ዋቱ 25 አምፔር ይስባል፤ ለሱ ከቆጣሪ ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር ያስፈልጋል፣ ቢያንስ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፤ መንገዱ ከረዘመ በ6 ይሻላል። በአሮጌ ቤቶችና በጋራ ቆጣሪ ላይ ይህን መጫን ሽቦ ማቅለጥ ነው። ያን ሁሉ ስቦም 15 ዲግሪ የሆነን ውሃ 37 ለማድረስ የሚችለው በደቂቃ 3.6 ሊትር ብቻ ነው። ውሃው ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ፍሰቱን መቀነስ ይኖርባችኋል። ሮቶው ከሻወሩ 1 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ግፊቱ 0.1 ባር ነው፤ ብዙዎቹ ኢንስታንቶች በዚያ አይነሱም። ቦይለሩ 7 አምፔር እንኳ አይሞላም፤ 2.5 ሽቦ ይበቃዋል። ማታ 60 ላይ ትታችሁት መብራት ቢጠፋ ጠዋት ከ50 ብዙ አይርቅም። ለዚህ ብቻ እንኳ ይቅር እለዋለሁ።

መታወቅ ያለበት፣ ሙቁን የሚገፋው የሚገባው ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃ ሲጠፋ ሮቶ የሌለው ቤት ቦይለሩ ሙሉ ሆኖም አይታጠብም።

ሶላር ማሞቂያ የሚሆነው ጣሪያ ላላቸው ነው። በነገራችን ላይ ሶላር በብርዱ ወራት አይሠራም የሚባለው እዚህ ከተማ አይገጥምም፦ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የሚበርደው ሰማዩ ጥርት ስለሚል ነው፣ ቀኑን ግን ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ሶላሩን የሚያስቸግረው ደመናው የማይገለጥበት ሐምሌና ነሐሴ ነው።

«80 ሊትር ውሰድ» ለሚለው፦ 50 ሊትሩ ከ15 ወደ 60 ለመድረስ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፣ 80 ሊትሩ በዚሁ 1500 ዋት ወደ 3 ሰዓት ይጠጋል። መብራት ቆራርጦ በሚመጣበት ቀን ልዩነቱ ይሰማል። ሃምሳው ሁለት ሰው ያጥባል፣ ሦስተኛው መጠበቅ አለበት። ክብደቱም አለ፦ ሃምሳው ሲሞላ ወደ 70 ኪሎ ይደርሳል፤ የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር (የብሎን ፕላስቲክ መሰኪያ) አይዝበትም። ወይ ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) ላይ ስቀሉት፣ ወይ ብሎኑን ግድግዳውን አሳልፋችሁ በስተጀርባ በብረት ሳህን እሰሩት።

በዓመት አንዴ ይከፈታል። ብሬከር አውርዱ፣ መዝጊያውን ዝጉ፣ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ፣ የሴፍቲ ቫልቭዋን እጀታ አንስታችሁ አፍስሱ፤ ውሃው ትኩስ ነውና ተጠንቀቁ። ሽቦዎቹን ፎቶ አንስታችሁ ፍላንጁን፣ ማለትም ሬዚስታንሱ የታሰረበትን ክዳን ፍቱ። ታች የሚገኘውን ደለል አውጡ። የማግኒዥየም ዘንጉ ቀጥኖ መሐሉ ያለው ሽቦ ከታየ ቀይሩት፤ እሱ እያለቀ ነው ታንከሩ ከዝገት የሚተርፈው፣ የተበሳ ታንከር ደግሞ አይበየድም። የጎማ ማሸጊያውን አሮጌውን አትመልሱ፣ ውሃ ሳትሞሉም ብሬከር አታንሱ።

መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ ስትሄዱ የተቃጠለውን ሬዚስታንስ ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የፍላንጁ ስፋት፣ የብሎኖቹ ብዛትና የዘንጉ ጥርስ ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። «ሁሉም አንድ ነው» ያላችሁን ትታችሁ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።