«ትኩስ የቤት ዳጣ» እየተባለ በብልቃጥ የሚሸጠውን አትግዙ

ሰሞኑን በቴሌግራም «ከእርጥብ ቃሪያ በእጅ የተፈጨ፣ ማቆያ ያልገባበት፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ ስድስት ወር የሚቆይ» እየተባለ የሚተዋወቅ ዳጣ አለ። ቤት ድረስ ያመጣሉ፤ ለአንድ ብልቃጥ 650 ብር ይቀበላሉ። ቀዩንም አረንጓዴውንም ገዝቼ አይቻቸዋለሁ። ቀዩ ማታለል ነው። አረንጓዴው ግን ሰው ሊገድል ይችላል፤ ይህን የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

ከቀዩ ልጀምር። ከእርጥብ ቃሪያ የተፈጨ ዳጣ ክዳኑ ሲከፈት በሶብላውና ነጭ ሽንኩርቱ ቀድመው ይሸታሉ። ፍሬው በዓይን ይታያል፤ የቃሪያው ልጣጭ ምላስ ላይ ይገኛል። በዚህ ብልቃጥ ውስጥ ፍሬም ልጣጭም የለም። ከላይ ውኃ አቅርሯል፣ ከታች የደቀቀ ዱቄት ተቀምጧል፤ ሽታው የከረመ በርበሬ ነው። ደረቅ በርበሬ በውኃ ተለውሶ በእርጥብ ቃሪያ ዋጋ ተሽጧል ማለት ነው። ጥቂቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስጨምረው ደግሞ ውኃው ወዲያው ቀላ። የቃሪያ የተፈጥሮ ቅላት የሚሟሟው በዘይት እንጂ በውኃ አይደለምና ቀለም ሳይጨመርበት አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። ያለ ላቦራቶሪ ግን ይህን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

አሁን ወደ አረንጓዴው። የተፈጨ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ላዩ እስከ አፉ ዘይት ተሞልቶበታል። ሻጯን በስልክ ስጠይቃት «ሎሚም አቼቶም የለበትም፣ ንጹሕ ነው፤ ዘይቱ ያቆየዋል» አለችኝ። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ዘር በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ነጭ ሽንኩርትም ቃሪያም ከአፈር ጋር ይገናኛሉ። ይህ ባክቴሪያ የሚራባው አየር በሌለበት፣ ጎምዛዛነት በጎደለበትና በማይቀዘቅዝ ቦታ ነው። ዘይቱ አየሩን ይዘጋል፣ ሎሚ አልገባም፣ ብልቃጡም ለወራት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ሦስቱም ተሟሉ። ተራ ማፍላት ዘሩን አያጠፋውም። መርዙም ብዙ ጊዜ ሽታና ጣዕም ስለሌለው «አሽትቼ አውቃለሁ» የሚል ሰው በራሱ አይተማመን።

ነገሩን ያጋነንሁ የሚመስለው ካለ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ፖንቲያክ ከተማ የሆነውን ይስማ። አንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት በአግባቡ ሳይታሸግ የቆየ ሃላፔኞ ቃሪያ በሚያቃጥለው ሳልሳው ውስጥ አስገብቶ ከ50 በላይ ተመጋቢዎች በቦቱሊዝም ታመዋል። ሳልሳ የዳጣ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እርጥብ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው።

ይህን ብልቃጥ የበላ ሰው ዓይኑ ከደበዘዘ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ካሳየው፣ የዓይኑ ቆብ ከወደቀ፣ ለመዋጥ ወይም ለመናገር ከተቸገረ፣ ነገን ሳይጠብቅ ሆስፒታል ይሂድ፤ የበላውንም ለሐኪሙ ይንገር። ሕክምናው በቶሎ ሲጀመር ነው የሚረዳው።

ዳጣ ደግሞ ገዝተው የሚደክሙበት ነገር አይደለም። ግማሽ ኪሎ ቃሪያ፣ ከተገኘም ጥቂት የቀላ፣ ታጥቦ በደንብ ይጠፈፍ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ድንብላል፣ ትንሽ ኮረሪማና ጨው ተጨምሮ በድንጋይ ወፍጮ ወይም በሙቀጫ ይደቅ። ማድቀቂያ ማሽንም ይሆናል፣ ብቻ አታልሙት። ማቃጠሉ የሚበዛው ፍሬውን በያዘው ነጭ ሥር ላይ ነውና የሚፈራ ሰው እሱን ያውጣ። ሎሚ ጨምቁበት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨርሱት። በቆጮም በጥሬ ሥጋም ስትበሉት ልዩነቱን ታውቁታላችሁ።

ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ ስጠይቅ «ምግብ አይመለስም» ብለው ስልኬን ዘጉት። ብልቃጡ ላይ የተመረተበት ቀን፣ የአምራቹ አድራሻም ሆነ የገባበት ነገር ዝርዝር አልተጻፈም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ አቤቱታዬን ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገብቻለሁ። የገዛችሁ ካላችሁ ብልቃጡን አትክፈቱት፣ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡና የባንክ ማስተላለፊያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ስድስት ወር ይቆያል» የሚለውን ማስታወቂያ ከገጻቸው ማንሣት ጀምረዋልና ዛሬውኑ ምስሉን አስቀሩት።