ሉሌኦ ላሉት መካኒክ ምስጋና፣ በበረዶ ወደ ሰሜን ለምትነዱ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ስዊድንና ኖርዌይ ያላችሁ። ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ሰሜን ስዊድን፣ ሉሌኦ ከተማ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው የአገራችን ሰው ናቸው። መካኒክም ጎሚስታም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳትጽፍ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

እኔና ባለቤቴ በየካቲት ከስቶክሆልም ተነስተን አውሮፓ በመኪና መንገድ እስከሚያልቅበት እስከ ኖርድካፕ መንዳት ከድሮ ጀምሮ ምኞታችን ነበር። መኪናችን ፖርሽ 911 ነው፣ የ2008 ካሬራ 4ኤስ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። የሰማ ሁሉ «በዚህ መኪና? በዚያ በረዶ?» ይለናል። እኔ ግን ለመንዳት የተሠራ መኪና ግማሽ ዓመት ተሸፍኖ ሲቆም ማየት አልወድም።

ስቶክሆልም አንድ ጋራዥ ስጠይቅ የማይቀየር ዕቃ የለም አሉኝ፣ ዋጋውን ሰምቼ ወጣሁ። ከዚያ ሉሌኦ የሚኖር ጓደኛዬ «እኛ ጋ ድረሱና ለጋሼ አሳዩዋቸው» አለን። በኢ4 መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነድተን ደረስን። ጎማችን የበረዶ ጎማ ነው፣ ሕጉ የሚጠይቀውን 3 ሚሊ ሜትር ጥርስም ያልፋል።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ጎኑ ላይ የተጻፈውን አራት አሃዝ በባትሪ ማብራት ነው። የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ነው። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላስቲኩን ተጫኑት። «ጥርስ አለው ልጄ፣ ግን ደርቋል። እዚህ ይሄዳል፣ ከኪሩና በላይ ግን አይዝልህም» አሉኝ። አሁን አዲስ ሊሸጡልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ለአንድ ጉዞ ብለህ አትግዛ» አሉና ከጓዳ ባለ ምስማር ጎማ ከነቸርኬው አወጡ። እነ አርየፕሎግ አካባቢ የመኪና ፋብሪካዎች በየዓመቱ በረዶ በሠራው ሐይቅ ላይ መኪና ስለሚሞክሩ ነው መሰለኝ እንዲህ ያለ ልክ እዚያ አይጠፋም። ከ19 ኢንች ወደ 18 አወረዱን፣ ጠበብ ያለው በረዶውን ቆርጦ ይይዛል ብለው። በኪራይ ሰጡን። በኪራይ! አንቲፍሪዙን ለኩና እስከ 37 ከዜሮ በታች እንደሚችል አሳዩኝ፣ «ይበቃሃል፣ አልነካውም» አሉ። የጎማው ንፋስ ብርዱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በ0.1 ባር ገደማ እንደሚወርድ፣ ጠዋት ጠዋት ከመነሳቴ በፊት እንድለካው፣ ማታ የእጅ ፍሬን ስቤ እንዳላቆም ነገሩኝ። ያቺ ፍሬን በረዶ ከያዛት አትለቅም።

ዋናው ግን ባትሪው ነው። ለክተውት «ደክሟል፣ ግን አልሞተም። ልኩ እዚህ የለም፣ አዝዤ ስትመለሱ እቀይርላችኋለሁ» አሉና በእጅ የምትያዝ የባትሪ ማስነሻ አዋሱን። ሲሰጡኝ የተናገሩት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ከፊት ኮፈኑ ውስጥ እንዳታስቀምጣት። የዚህ መኪና ሞተር ከኋላ ነው፣ ባትሪው ከፊት። ኮፈኑ የሚከፈተው ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ሲሞት ኮፈኑም አብሮ ይዘጋብሃል። ማታ ማታ ክፍል ይዘሃት ግባ፣ ለእሷም ብርድ አይስማማትም።»

ከሉሌኦ በስተሰሜን ያለችው ኪሩና ከተማ ባደርን ማግስት ጠዋት ከዜሮ በታች 31 ነበር። መኪናው ድምፅ የለውም። መብራት የለም፣ ምንም የለም። የመንገድ ላይ እርዳታ የሚሰጠው ድርጅት ጋ ደወልን። ይሄን ዓይነት መኪና አንነካም፣ በጭነት መኪና ወደ ሌላ ከተማ ነው የምንወስደው፣ ያውም ነገ፣ አሉን። ጋሼ ጋ ደወልኩ። ገና አልነጋም። አነሱ። «አይዞህ፣ ማስነሻዋ የት ናት?» የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይሄ ነበር።

ባለቤቴ ስልኩን ይዛ፣ እኔ በሩን በቁልፍ ከፍቼ ገብቼ፣ እሳቸው ቀስ እያሉ መሩን። ከሾፌሩ ግራ እግር በኩል የፊውዝ ሳጥን አለ፣ ክዳኑን አንሳ። ቀይ ነገር ታያለህ፣ ወደ ውጭ ሳበው። የማስነሻዋን ቀይ እሱ ላይ፣ ጥቁሩን በሩ የሚቆለፍበት ብረት ላይ። አላርሙ ይጮህ ይሆናል፣ አትደንግጥ፣ የቁልፉን በተን ተጫን። ጣቴ አልታዘዝ እያለኝ ነበር፣ ጓንት አውልቄ ነው የምሠራው። «ልጄ፣ ስልኩን ለእሱ አቅርቢለትና አንቺ እጁን አሙቂለት» አሏት። ከዚያ ኮፈኑ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ባለቤቴ እልል አለች፣ እውነቴን ነው። «ገና ነው፣ በዚያች በፊውዟ በኩል ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክር፣ እሷ ለመክፈቻ ብቻ ናት፣ አሁን ዋናው ባትሪ ላይ አድርጋት» አሉ። አደረግኳት። ተነሳ። «ቶሎ አታጥፋው፣ እስክትደርሱ ንዱት» ብለው ስልኩን ዘጉ። ማታ ኖርዌይ፣ ናርቪክ ከተማ ገብተን ሳለ መልሰው ደውለው ደረሳችሁ ወይ አሉን።

ከዚያ በኋላ ማደሪያ የምንመርጠው ለመኪና ማሞቂያ የኤሌክትሪክ ሶኬት ያለው ወይም ጣሪያ ያለው ማቆሚያ እያየን ነበር፣ ይሄም የእሳቸው ምክር ነው። አቢስኮን አልፈን፣ ከናርቪክ በኢ6 ወደ አልታ፣ ከዚያ በኢ69 ወደ ላይ። ስዊድን ውስጥ መንገድ ዳር እንጨት ላይ ጥቁር ፌስታል ተሰቅሎ ካያችሁ ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ። የአጋዘን ባለቤቶች የሚሰቅሉት ማስጠንቀቂያ ነው፣ አጋዘኖቹ እዚያው አካባቢ ናቸው ማለት ነው። ጋሼ ስለነገሩን ፍጥነት ቀነስን፣ ከኩርባው ወዲያ መንጋው መሀል አስፋልት ላይ ቆሟል። ኖርድካፕ ወዳለበት ደሴት የሚያስገባው ዋሻ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከባሕር ጠለል 212 ሜትር ዝቅ ይላል። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞ መውረድ ነው እንጂ ፍሬን ላይ መቆም አይደለም።

እግረ መንገዴን የበረዶ ጠራጊውንም ኖርዌጂያን ሾፌር ማመስገን አለብኝ። የመጨረሻው 13 ኪሎ ሜትር በክረምት ለብቻ አይነዳም። በተወሰነ ሰዓት ከጠራጊው መኪና ኋላ ተሰልፎ ነው። ሰውየው ወርዶ የእኛን መኪና ሆድ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ጎማውን አየ፣ ከዚያ ከሁሉም ፊት፣ ልክ ከእሱ ኋላ አሰለፈን። ነፋሱ መልሶ ሳይከምረው አዲስ በተጠረገው ላይ እንድንነዳ ነው። እንደዚያ ባያደርግ ዝቅ ያለ መኪና በረዶው ላይ ተንሳፍፎ ይቀር ነበር። 71 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ ገደሉ አፍ ላይ ደረስን። ያን ቀን ደመናው ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን የሰሜን ብርሃን (አውሮራ) ከለከለን፣ በመልስ ጉዞ ካውቶኬይኖ አካባቢ ግን ጠገብነው።

ሉሌኦ ስንመለስ አዲሱ ባትሪ ደርሶ ነበር፣ በተናገሩት ዋጋ፣ አንድ ክሮና ሳይጨምሩ ገጠሙት። ለዚያ ጠዋት ስልክ ምን ልክፈል ብላቸው «እሱ ሥራ ነው እንዴ?» አሉ። የድሮውን ባትሪ ሳይቀር ለክተው ቁጥሩን አሳዩኝ፣ በእርግጥ ማለቁን እንዳምን። ሙያውን የጀመሩት አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ በልጅነታቸው ነው። ሲሠሩ ዕቃውን እያሳዩ ያስረዳሉ፣ ይሄ ብቻውን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ፖርሽም ይሁን ቶዮታ እሳቸው ጋ ጎራ በሉ። አማርኛ፣ ትግርኛና ስዊድንኛ ይናገራሉ። እሁድ ዝግ ነው። ሰው ሁሉ ጎማ የሚቀይርበት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ወረፋው ብዙ ስለሆነ ቀድማችሁ ደውሉ፣ የጎማችሁን ልክ ይዛችሁ። የሚከራይ ጎማ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ያላቸው ጥቂት ነው፣ በጊዜ ጠይቁ።

ጋሼ፣ እኔም ባለቤቴም በጣም እናመሰግናለን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።