ደብተር፣ አጀንዳ ወይስ ስልክ? ለስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ ማስታወሻ መያዣ ሲመርጡ

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ ወዲያ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ካምፖች አድርጎ እስከ ራስ ደጀን የሚዘልቅ ተጓዥ ደብተሩ ቢበተን ወይም እስክሪብቶው ቢደርቅ ምትክ ማግኘቱ ይከብደዋል። ስለዚህ ምርጫው ጎንደር ፒያሳ ላይ እያሉ ቢያልቅ ይሻላል።

ገዢ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ነጭነቱን፣ ልስላሴውን። መንገድ ላይ ግን ቀድሞ የሚከዳው ጥራዙ ነው። ስፌቱ ጠንካራ የሆነ ተራ ወረቀት፣ በሙጫ ብቻ ከተያያዘ ውድ ወረቀት ይበልጣል።

መጠኑ ብዙ አያከራክርም። ኪስ የሚገባው ኤ6 (105 በ148 ሚሊ ሜትር) ነው። በቀን አራት ገጽ የሚጽፍ ሰው በ10 ቀን የሚጨርሰው 20 ሉክ ብቻ ነው። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት ከሆነ የ50 ሉክ ክብደት በኤ6 62 ግራም፣ እጥፉ በሆነው በኤ5 ደግሞ 124 ግራም ገደማ ይመጣል። ወፍራም አጀንዳ ተሸክሞ ባዶውን መመለስ ትርፉ ድካም ነው።

የተማሪ ደብተር ከአጀንዳ ጋር

የተማሪ ደብተር ርካሽና ቀላል ነው፣ የትም ይገኛል። ጉዳቱ መሀሉን የያዙት ሁለት ሽቦዎች ናቸው። እርጥበት ሲያገኛቸው ይዝጋሉ፣ ደብተሩ ኪስ ውስጥ ሲተጣጠፍ ደግሞ የሽቦውን ቀዳዳ ያሰፉታል። መጀመሪያ የሚወጣው የመሀሉ ጥንድ ሉክ ነው። መሀሉ ላይ የታጠፈ አንድ ወረቀት ስለሆነ ሲሄድ አራት ገጽ ይዞ ይሄዳል።

መፍትሔው መርፌና ጠንካራ ክር ነው። ሽቦውን አውጥተው በመሀል እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ ይብሱ፤ አንዱ መሀል፣ ሁለቱ ከጫፎቹ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው። መርፌውን ከውስጥ በመሀሉ ቀዳዳ ያውጡ፤ ከውጭ ወደ ላይኛው ወስደው ያስገቡ፤ በውስጥ በኩል መሀሉን ዘለው በታችኛው ያውጡ፤ በመጨረሻ በመሀሉ ይመልሱ። አሁን ሁለቱ የክር ጫፎች ውስጥ ተገናኝተዋል፤ ረጅሙን ክር በመካከላቸው አድርገው ይቋጩ። ሽፋኑን በፕላስቲክ ከለበዱት ከብዙ አጀንዳ የተሻለ ደብተር ይሆናል።

አጀንዳ ጠንካራ ሽፋኑ ይጠቅማል፤ ጉልበት ላይ አስቀምጦ ለመጻፍ ይመቻል። ነገር ግን ሱቅ ውስጥ እንዳሉ መሀሉን ገልጠው ይዩት። በየጥቂት ሉኩ እጥፋት ላይ ክር ከታየ የተሰፋ ነው። ክር ከሌለና ጀርባው ሲዘረጋ ቀጭ ካለ፣ በሙጫ ብቻ የቆመ ነው፤ ሙጫ በብርድ ይደርቃል፣ ወረቀቱም አንድ በአንድ ይረግፋል። ቀን የታተመበትንም አንመክርም። የቧሂትን ተራራ በሚያቋርጡበት ቀን አንድ ገጽ አይበቃም፣ ዝናብ ድንኳን ውስጥ ባዋለዎት ቀን ደግሞ ግማሹ ባዶ ይቀራል።

ውሃ የማያበላሸው ወረቀት

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የተቀባ ወረቀት ሲሆን ሌላው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከፕላስቲክ የሚሠራው የድንጋይ ወረቀት ነው። ሁለቱም ውሃ ስለማይመጡ ቀለምም በቀላሉ አይመጡም። በጄል እስክሪብቶ ሲጽፉበት ቶሎ አይደርቅም፣ ገጹን ሲገለብጡ ይቀባል። የድንጋይ ወረቀት ከባድ ነው፣ እሳት ዳር ሲቀመጥም ይጨማደዳል። ዋጋውም ከተራው የትየለሌ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ለሚሄድ ሰው ይክሳል። በታህሳስና በጥር ለሚሄድ ግን አንድ ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ይበቃዋል። እርጥብ ደብተር ግን በፕላስቲኩ ታፍኖ አይደር፤ ገጾቹ ይጣበቃሉ፣ ይሻግታሉም። ምሳ ሰዓት ላይ ተከፍቶ ነፋስ ይምታው።

ስልክስ?

ስልክ ፎቶና ድምፅ በአንድ ላይ ይይዛል፤ ስካውቱ (የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ) የነገረዎትን የቦታ ስም በራሱ አነጋገር መቅዳት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ባትሪው ነው። ብርድ የባትሪን አቅም ይቀንሳል፣ ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ለዘለቄታው ይጎዳዋል። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) የተጻፈበት ፓወር ባንክ ስልኩ ዘንድ የሚያደርሰው 6,000 አካባቢ ነው፤ ባለ 5,000 ስልክን አንዴ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል። ኔትወርክ ፍለጋው ባትሪ ስለሚጨርስ በአውሮፕላን ሞድ ይሁን፣ ማታም ከእርስዎ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ይደር። እንደ ዋና ማስታወሻ አንመርጠውም፤ በደነዘዘ ጣት አማርኛ መተየብ ፈተና ነው። የየዕለቱን ገጽ ማታ ፎቶ አንስቶ ለመያዝ ግን የሚተካው የለም።

የሚጽፈው

ቀለም የሚሞላ ብዕር ጎንደር ይቅር። ከከተማው ከፍታ ተነስተው ከ4,500 ሜትር በላይ ሲደርሱ የአየር ግፊቱ በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ተለጥጦ ቀለሙን ይገፋዋል። ጄል በውሃ የተበጠበጠ ስለሆነ ከዜሮ በታች ይረጋል፣ ዝናብ ሲነካውም ብዙው ይለቃል። ሱቅ ውስጥ አንድ መስመር ጽፈው ደቂቃ ቆይተው በረጠበ ጣት ቢያሹት ወዲያው ይታወቃል።

ተራው ቢክ ከሁሉም ይሻላል። ቀለሙ ቅባታማ ስለሆነ በብርድ ይወፍርና መዝለል ይጀምራል፤ ከመጻፍዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ የውስጥ ኪስ ውስጥ ማሞቅ ነው። እርሳስ ብርድም እርጥበትም አይበግረውም፤ ኤችቢ እርጥብ ወረቀት ይቀድዳል፣ 2ቢ ደግሞ ኪስ ውስጥ ተፋትጎ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በመሀል ያለውን ቢ የተጻፈበትን ይግዙ። ሁለት ቢክ፣ አንድ እርሳስና መቅረጫ ይበቃል፤ ሁለቱ ቢኮች ግን በተለያየ ኪስ ይሁኑ። ደብተሩም ከዕቃው ጋር በቅሎ ላይ አይጫን፤ በቅሎዎቹ ቀድመው ካምፕ ስለሚገቡ እስከ ማታ አያገኙትም።