ከስድስቱ ሁለቱ ሲቀሩ

ቀይ መብራት ላይ ቆሜ በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየሁ። የኋላዬ መኪና ታርጋ አልነበብ አለኝ። ቁጥሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ዓይኔ ደክሞ መስሎኝ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። ያው ነው። ነዳጅ ትንሽ ነካ ሳደርግ ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ቆሙ። እግሬን ሳነሳ እንደገና መንቀጥቀጥ። መኪናዋን ከተረከብኩ ሦስተኛ ቀኔ ነበር።

የድሮዋ ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ነበረች (ነዳጅ የሚቃጠልባቸው ስድስት ሲሊንደሮች በቪ ቅርጽ የተደረደሩባት)፣ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌላት። 11 ዓመት ነዳኋት። አዲሷ ያው ሞዴል ናት፤ ስሟም፣ የወንበሯ አቀማመጥም አልተለወጠም። ኮፈኑ ሲከፈት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ባለ 2 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ቱርቦ። አሁን 10 ወር ሆኖኛል፤ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። አንዲት መኪና ላይ ያየሁትን በፋብሪካው ሁሉ ላይ መለጠፍ ተገቢ አይመስለኝም። ደግሞ ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም።

ቢኤምደብሊው በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የ328አይ ሞዴሉን ከ3 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ወደ 2 ሊትር ቱርቦ አዛወረው። ሆንዳ በ2018 አኮርድ ላይ ቪ6ን ተወው። ቶዮታ ሃይላንደር በ2023 ተከተለ። የመርሴዲስ ሲ63 ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ስምንት ሲሊንደር የነበረው መኪና በ2 ሊትር አራት ሲሊንደርና በኤሌክትሪክ ሞተር ተተካ። ጉልበቱ 680 ፈረስ ደረሰ። ቁጥሩ አደገ፣ ገዢው ግን አኮረፈ።

ለምን ይህን ያደርጋሉ? ዋናው ምክንያት የካርቦን ልቀት ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለአዳዲስ መኪኖች በአማካይ በኪሎ ሜትር 95 ግራም የሚል ጣሪያ አወጣ። ትንሽ ሞተር የሚፋተግ ክፍሉ ያንሳል፣ ቀስ ተብሎ ሲነዳም የሚያባክነው ኃይል ትንሽ ነው። እስከ 2017 ድረስ አውሮፓ ውስጥ አዲስ ሞዴል የሚለካበት ፈተና ደግሞ በጣም የዋህ ነበር። ቀስ ብሎ መነሳት፣ ቀስ ብሎ መቆም። ቱርቦው እምብዛም ሳይነቃ ፈተናው ያልቃል። እኔ እንደዚያ አልነዳም። እርስዎም አይነዱም።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። መጀመሪያ ያሸነፈችኝን ልናገር፣ ምክንያቱም ልወቅሳት ተዘጋጅቼ ነበር የገዛኋት።

ዳገት ላይ የድሮዋን በግልጽ ትበልጣለች። አምስት ሰው ጭኜ፣ የዕቃ መጫኛውን ሞልቼ ረጅም ዳገት ስወጣ የድሮዋ ካምቢዮ ሁለት ማርሽ ይወርድና ሞተሩ በደቂቃ 5 ሺህ ዙር ላይ ይጮሃል። አዲሷ 2 ሺህ ዙር ላይ ሆና ዝም ብላ ትወጣለች። ወሬ አይቋረጥም፣ የተኛ ልጅ አይነቃም። ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ሃይላንደርን ውሰዱ። የቪ6ቱ ጉልበት 295 ፈረስ ነበር፣ የቱርቦው 265። 30 ፈረስ ቀነሰ። ቶርኩ፣ ማለትም የማዞር ኃይሉ፣ ግን ከ357 ኒውተን ሜትር ወደ 420 ወጣ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፍተኛውን ቶርክ የሚሰጠው 1,700 ዙር ላይ ነው። ቪ6ቱ ያለውን ለመስጠት 4,700 ዙር ይጠብቅ ነበር። ከሥራ ወደ ቤት ስትመለስ ስንቴ 4,700 ዙር ትደርሳለህ?

ከፍታ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ቱርቦው ግን አየሩን ራሱ አምቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው በጣም ያንሳል። የተራራ መንገድ የሚያበዛ ሰው ይህን አንድ ነገር ብቻ አይቶ ቢገዛ አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ታርጋው።

ባለ ስድስቱ ሞተር በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ያቀጣጥላል፣ ባለ አራቱ ሁለት ጊዜ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በደቂቃ 700 ዙር ሲዞር ስድስቱ በሰከንድ 35 ምት፣ አራቱ 23 ምት ገደማ ይመታሉ ማለት ነው። የፈጠነውን ምት ሰውነት እንደ ጸጥታ ነው የሚያልፈው፤ የዘገየው ግን ወንበር ላይ፣ መሪ ላይ፣ ስፖኪዮ ላይ ይታያል። ፍጥነት ሲጨምር ሌላ ነገር ይመጣል። ፒስተን (ሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ክፍል) በጉዞው የላይኛ ግማሽ ላይ ከታችኛው ይልቅ ይፈጥናል። ስለዚህ በአራት ሲሊንደር ውስጥ የሚወጡት ሁለቱና የሚወርዱት ሁለቱ ሙሉ በሙሉ አይሰራረዙም፤ በየዙሩ ሁለት ጊዜ የተረፈ ግፊት ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። ለዚህ ነው ብዙ ፋብሪካዎች ከሞተሩ በእጥፍ ፍጥነት የሚዞሩ ማመዛዘኛ ዘንጎች የሚጨምሩት። በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች ግን ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም፤ እርስ በርስ ይሰራረዛሉ። (የኔዋ ቪ6 ነበረች፣ የረድፍ ስድስትን ያህል ፍጹም አይደለችም። ግን ስፖኪዮዋ አይንቀጠቀጥም ነበር።)

ድምፁን ተዉት። ከታች ሲጎትት የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል። አምራቹ ይህን ያውቃል መሰለኝ፣ ነዳጅ ስሰጥ ከራዲዮው ስፒከር የሞተር ድምፅ ይለቅልኛል። ሳውቅ ሳቄ መጣ። ምግብ ቤት ገብተህ የጥብስ ሽታ በመርጫ ሲረጩብህ አስበው። ሜኑ ውስጥ ገብቼ አጠፋሁት፣ አልመለስኩትም።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ከመጋቢ መንገድ ወደ ዋናው ልገባ ክፍተት አይቼ ነዳጅ እረግጣለሁ። ምንም የለም። ግማሽ ሰከንድ ያህል ምንም። ከዚያ ሁሉም አንዴ ይመጣና ጭንቅላቴ ወንበሩ ላይ ይለጠፋል። ቱርቦው የሚዞረው በጭሱ ነው፤ ጭስ እስኪበዛ መጠበቅ አለበት። የድሮዋ እግሬ ያዘዘውን ወዲያው ትሰጥ ነበር፣ ትንሽ ከሆነ ትንሽ፣ ብዙ ከሆነ ብዙ። አሁን ለምጄዋለሁ፦ ክፍተቱ ሳይመጣ ቀደም ብዬ ነዳጁን ነካ አደርጋለሁ። ግን የተላመድኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም።

ነዳጅ? ደብተር ይዣለሁ። ከተማ ውስጥ የድሮዋ በ100 ኪሎ ሜትር 13.5 ሊትር ትጠጣ ነበር፣ አዲሷ 10.9። ጥሩ ነው፣ ይሰማል። ረጅም መንገድ ላይ ተጭና በፍጥነት ስትሄድ ግን 9.6 የነበረው 9.4 ሆነ። በቃ። ቱርቦው ብዙ አየር ሲያስገባ ብዙ ቤንዚን ይከተላል፤ 2 ሊትሩ ሞተር ያን ጊዜ እንደ ትልቅ ሞተር ይበላል። ቁጠባው ያለው በቀኝ እግር ላይ ነው።

በሰባተኛው ወር ፉጨት ጀመራት። ነዳጅ ስሰጥ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ትጮሃለች፣ ጉልበቷም ጠፋ። ለድሮዋ 11 ዓመት ሙሉ ዘይት የቀየረልኝ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ኮፈኑን ከፍተው እጃቸውን አስገቡና ወዲያው አገኙት፤ የተጨመቀውን አየር የሚወስደው ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ነበር። አጠበቁት። አሥር ደቂቃ።

ከዚያ ግን አላቆሙም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው አፍንጫቸው ጋ አደረጉት።

«ልጄ፣ አጭር አጭር ነው እንዴ የምትነዳት?»

«አዎ ጋሼ፣ አብዛኛውን ጊዜ።»

«ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ሞተሩ ሳይሞቅ ታጠፋዋለህ፣ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የድሮዋን ዘይት ረስተሃት ብትሄድ ትታገሥህ ነበር። ይቺ አትታገሥም።»

ልክ ናቸው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ150 ሺህ ዙር በላይ ሊዞር ይችላል፣ የሚንሳፈፈውም በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ነው። በአንድ ጎኑ እንደ ፍም የጋለ ጭስ ያልፋል። ዘይቱ ከሳሳ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ዘይት ቀይር ይላል፤ እኔ 8 ሺህ ላይ እቀይራለሁ። የምገዛውም ኤፒአይ ኤስፒ የሚል የተጻፈበትን ነው። ይህ ደረጃ በ2020 ሲወጣ አንዱ ዓላማው እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቱርቦ ሞተሮችን በዝቅተኛ ዙር ያለጊዜው ከሚፈጠር ፍንዳታ መከላከል ነበር። ፍንዳታው ፒስተን ይሰብራል። ስለዚህ በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ነዳጁን እስከ ወለል መርገጥ ትቻለሁ።

ሌላው ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የመርጨቱ ነገር ነው። ነዳጁ የመግቢያ ቫልቮቹን ስለማይነካቸው አያጥባቸውም፣ ጥቀርሻ ይይዛሉ። ቶዮታ በብዙ ሞተሮቹ ላይ ሁለት ዓይነት መርጫ አብሮ ይሠራል፣ አንዱ ከቫልቩ በፊት። ብልህነት ነው። የኔዋ ይህ የላትም፣ ስለዚህ አንድ ቀን ቫልቭ አስፈትቼ ማሳጠቤ አይቀርም።

ወደ ኋላ የተመለሱም አሉ። ፖርሽ በ2016 ቦክስተርና ኬይማንን ወደ አራት ሲሊንደር ቱርቦ ቀይሮ ነበር፤ በ2020 ጂቲኤስ በሚባለው ዓይነታቸው ላይ ባለ 4 ሊትር ስድስት ሲሊንደሩን መለሰ። ማዝዳ ደግሞ ብዙዎች ስድስት ሲሊንደርን ሲተዉ እሱ አዲስ የረድፍ ስድስት ሠርቶ ሲኤክስ-90 ውስጥ አስገባ። ቀጣይ መኪናዬን ስመርጥ መጀመሪያ የምሞክረው እሱን ነው።

ቤተሰብ ጭኖ ዳገት ለሚያበዛ፣ ዘይቱን በጊዜ ለሚቀይር ሰው ባለ አራቷን ያለ ማመንታት እላለሁ። መኪና ገዝቶ 15 ዓመት ሊረሳው ለሚፈልግ ግን አልመክርም፤ ያገለገለች ጥሩ ቪ6 ይፈልግ።

የድሮዋን ለእህቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ተዋስኳትና እሱን ጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ። ቀይ መብራት ላይ የኋላችን ታርጋ ጥርት ብሎ ተነበበ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ካምቢዮው ሁለት ማርሽ ወረደ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ከኋላ የመጣ ትንሽ መኪና ቀደመን።

«አጎቴ፣ ምን ሆነች?» አለኝ ልጁ።

«ምንም አልሆነች። ድሮም እንዲህ ነበር የምትወጣው።»